ጀልባው አልታዘዝ ሲል፦ የአንድ እጀታ ሞተር መቆጣጠሪያን ብልሽት ስለ መለየት

በጣና ሐይቅ ላይ ካሉት ደሴቶች በአንዱ ለሚገኝ ገዳም የሚያገለግል ጀልባ በበዓል ዋዜማ ምእመናንን አሳፍሮ ወደ መውረጃው ተቃርቦ ነበር። ነጂው እንደ ልማዱ የሞተሩን እጀታ ወደ መካከል መለሰ። የሞተሩ ድምፅ ዝቅ አለ፤ ጀልባው ግን ወደ ፊት መሄዱን አላቆመም። ነጂው ደንገጥ ብሎ በኋላ ማርሽ ለመግታት እጀታውን ወደ ኋላ ሳበው። ጀልባው ከመቆም ይልቅ እንደ ተገረፈ ፈረስ ወደ ፊት ተወረወረና ከመውረጃው ድንጋይ ጋር ተጋጨ። ለመውረድ ተነሥተው ከነበሩት መካከል አንድ አረጋዊ አባት ወድቀው እጃቸው ተሰበረ።

ጀልባው ወደ ዳር ወጥቶ ተመረመረ። የመጣው መካኒክ ካምቢዮው እንዳለቀለት ተናገረ፤ ሰበካ ጉባኤውም ለአዲስ ካምቢዮ መግዣ ገንዘብ ማሰባሰብ ጀመረ። እኛ ለሌላ ሥራ ወደ ስፍራው በሄድንበት ጊዜ ጀልባው በሐይቁ ዳር ሁለት ወር ያህል ተጎልቶ ነበር፤ የገዳሙ ዱቄትና ጨው በታንኳ ይመላለሳል። የሞተሩን ክዳን ከፍተን ስንመለከት ካምቢዮው ደኅና ሆኖ አገኘነው። የማርሹን ኬብል ሽፋን ከሞተሩ አካል ጋር የሚያያይዘው ማቀፊያ ግን አንድ ቡሎን ወድቆበት ተላቅቋል። ብልሽቱ ይኸው ብቻ ነበር።

ይህን የምንጽፈው መካኒኩን ለመውቀስ አይደለም። ሰውዬው በመኪና ሥራ የታወቀ ባለሙያ ነው፤ የጀልባ መቆጣጠሪያ ግን ብዙ ጊዜ በእጁ አልገባም። የምንጽፈው ጀልባ ባላቸው ገዳማትና አጥቢያዎች ሁሉ ገንዘቡን የሚያወጣው፣ ሰዎቹን የሚያሳፍረው፣ «ይጠገን» ወይም «ይለወጥ» ብሎ የሚወስነው ሰበካ ጉባኤው ስለ ሆነ ነው። የጉባኤው አባላት መካኒክ መሆን አይጠበቅባቸውም። እጀታው ከሞተሩ ጋር በምን እንደሚነጋገር ማወቅ ግን ይጠቅማቸዋል፤ በእኛ ልምድ ብልሽቱ በአብዛኛው የሚገኘው ከሞተሩም ከካምቢዮውም ሳይሆን በመካከላቸው ባለው መልእክተኛ ላይ ነውና።

የአንድ እጀታ መቆጣጠሪያ የሚባለው ሁለት ትእዛዝ በአንድ እጅ የሚሰጥበት መሣሪያ ነው። በመኪና ማርሽ መለወጫው በእጅ፣ ነዳጅ መስጫው በእግር ይታዘዛል። በጀልባ ሁለቱም በአንድ እጀታ ላይ ተጣምረዋል። እጀታው ቀጥ ብሎ ሲቆም ዜሮ ማርሽ ነው። ወደ ፊት ሲገፋ በመጀመሪያ፣ በብዙዎቹ ዓይነቶች 30 ዲግሪ ያህል እስኪያዘነብል ድረስ፣ የሚገባው ማርሹ ብቻ ነው፤ ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር፣ መካኒኮች ሚኒሞ በሚሉት፣ እንዳለ ይቆያል። ከዚያ ነጥብ አልፎ ሲገፋ ማርሹ በቦታው ሆኖ ነዳጅ ይጨምራል። ወደ ኋላ ሲሳብም ቅደም ተከተሉ ይኸው ነው፤ በመጀመሪያ የኋላ ማርሽ፣ ቀጥሎ ነዳጅ።

ከእጀታው ሥር ካለው ሳጥን ሁለት ኬብሎች ይነሣሉ። አንዱ ወደ ማርሹ፣ ሌላው ወደ ነዳጅ መስጫው ይሄዳል። እያንዳንዱ ኬብል ከውስጥ ጠንካራ ሽቦ፣ ከውጭ ሽፋን አለው። የብስክሌት ፍሬን ሽቦ መሳብ ብቻ ያውቃል፤ የሚመልሰው ስፕሪንግ ነው። የጀልባው ኬብል ግን ይስባልም፣ ይገፋልም። ሽቦው ሊገፋ የሚችለው የውጭው ሽፋን በሁለቱም ጫፍ ተጠፍሮ ሲያዝ ነው። ሽፋኑ ከአንድ ጫፍ ከተላቀቀ፣ እጀታው በተንቀሳቀሰ ቁጥር የሚንሸራተተው ሽፋኑ ይሆንና ሽቦው ባለበት ይቀራል። ነጂው ያዘዘ ይመስለዋል፤ ካምቢዮው ግን ትእዛዙን አልሰማም።

በዚያ ዋዜማ የሆነውም ይህ ነው። የማርሹ ኬብል ስለ ተላቀቀ ካምቢዮው በፊት ማርሽ ላይ ቀረ። የነዳጁ ኬብል ግን ደኅና ነበር። ነጂው እጀታውን ወደ መካከል ሲመልስ ነዳጁ ቀነሰ፤ ወደ ኋላ ሲስበው ደግሞ ነዳጁ ጨመረ። የፊት ማርሽ እንደ ገባ ነዳጅ ሲጨመር ጀልባው የሚሄደው ወደ ፊት ነው። ከሁለቱ መልእክተኞች አንዱ ሲሰማ ሌላው መደንቆሩ፣ ሁለቱም ቢደነቁሩ ኖሮ ከሚደርሰው የከፋ ጉዳት አደረሰ።

ስለዚህ ለማንኛውም ነጂ የመጀመሪያው ትምህርት መሆን ያለበት ይህ ነው፤ ጀልባው ያልታዘዘ እንደሆነ እጀታውን አብዝቶ መሳብ ሳይሆን ሞተሩን ማጥፋት ያስፈልጋል። ከጀልባው ጀርባ በሚንጠለጠሉት የቤንዚን ሞተሮች ላይ ቁልፉን መዝጋት ወይም ከነጂው ጋር የሚታሰረውን የማጥፊያ ገመድ መንቀል ይበቃል። በጀልባው ሆድ ውስጥ የሚተከሉ ብዙ የናፍጣ ሞተሮች ግን ቁልፍ በመዝጋት ብቻ አይጠፉም፤ ነዳጁን የሚያቋርጥ የሚሳብ ማጥፊያ አላቸው። ማጥፊያው የት እንዳለ ነጂው ብቻ ሳይሆን ረዳቱም ማወቅ አለበት። በጎበኘናቸው ጀልባዎች ማጥፊያው በጆንያ ተሸፍኖ ያገኘንበት ጊዜ አለ።

ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ጀልባውን የሚይዘው መልሕቅ ነው። ይህ ዓይነቱ መቆጣጠሪያ በባሕር ላይ በሚጓዙ የሸራ ጀልባዎችም የተለመደ ነው፤ በሸራ የሚሄድ ሰው ሞተሩ ቢያስቸግረው ሸራውን ዘርግቶ ከአለቱ ይርቃል። የእኛ ጀልባዎች ሸራ የላቸውም፤ በጣና ላይ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ ሞተሩ የጠፋ ጀልባ ነፋሱ ወደ ወሰደው ይሄዳል። የጣና ጥልቀት በጥልቁ ስፍራ 14 ሜትር ያህል ነው። መልሕቅ በደንብ እንዲይዝ ገመዱ ከውኃው ጥልቀት በብዙ እጥፍ መርዘም አለበት፤ 50 ሜትር ገመድ ያለው ጀልባ በሐይቁ ጥልቅ ስፍራም ቢሆን መልሕቁን ከታች ማድረስ ይችላል። 10 ሜትር ገመድ የታሰረበት መልሕቅ ለዳር እንጂ ለመካከል አይሆንም። ሁለት መቅዘፊያም አይጥፋ።

አሁን ወደ ምርመራው እንመለስ። ሰዎች የመቆጣጠሪያ ብልሽት የሚሏቸው አንዳንድ ነገሮች ጨርሶ ብልሽት አይደሉም። ብዙ መቆጣጠሪያዎች ከእጀታው ሥር ወይም ጎን አንድ ቁልፍ አላቸው፤ እርሱ ሲሳብ ወይም ሲጫኑት ማርሹ ከእጀታው ይለያል፤ ሞተሩን በዜሮ ማርሽ ነዳጅ ሰጥቶ ለማሞቅ የተሠራ ነው። ይህ ቁልፍ ሳይመለስ ከቀረ እጀታው ሲገፋ ሞተሩ ይጮኻል፣ ጀልባው ግን ከቦታው አይነቃነቅም። በዚህ ምክንያት ብቻ መካኒክ ከከተማ የተጠራበትን አጋጣሚ እናውቃለን። እንዲሁም ቁልፍ ሲዞር ሞተሪኖው ድምፅ የማያሰማ ከሆነ ባትሪውን ከመጠርጠር በፊት እጀታውን በዜሮ አካባቢ ትንሽ ወዲያና ወዲህ ማነቃነቅ ይገባል። በብዙ መቆጣጠሪያዎች ውስጥ ማርሽ ገብቶ ሳለ ሞተር እንዳይነሣ የሚከለክል ማብሪያ ማጥፊያ አለ፤ እጀታው ከዜሮ ጥቂት ፈቀቅ ካለ ይከለክላል።

ሌላው በፕሮፔለሩ፣ ማለትም ውኃውን በሚገፋው ምላጭ ላይ የሚደርስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በጣና ላይ መታየቱ የታወቀው የእንቦጭ አረም በፕሮፔለሩ ላይ ሲጠመጠም ማርሹ ገብቶም ጀልባው ይጎተታል፣ ሞተሩ ይጨነቃል። ሞተሩን አጥፍቶ፣ ቁልፉን ነቅሎ ማጽዳት ነው። በብዙ የውጭ ሞተሮች ፕሮፔለር መካከል ደግሞ ድንጋይ ሲመታ ጥርሶቹን የሚያድን ጎማ አለ። ጎማው ሲላቀቅ ጀልባው በዝግታ ሲነዳ ይሄዳል፤ ነዳጅ ሲጨመር ግን ሞተሩ ይጮኻል እንጂ ፍጥነቱ አይጨምርም። ይህ ከኬብል ጋር አይገናኝም። የኬብል ብልሽት ሲሆን ማርሹ ከመጀመሪያውም በደንብ አይገባም ወይም በደንብ አይወጣም።

ኬብሉ ራሱ የሚሰጠው ምልክት ብዙ ነው። ከሁሉም ቶሎ የሚታወቀው የእጀታው መክበድ ነው። ዛሬ ትንሽ ከበድ ያለ እጀታ በሚቀጥለው ወር ሁለት እጅ ይፈልጋል፤ ከዚያ አንድ ቀን ይቀላል፤ የቀለለው ግን ተሽሎት ሳይሆን ሽቦው ስለ ተበጠሰ ነው። ጀልባው ወደ ፊት በደንብ ሄዶ የኋላ ማርሽ አልገባ ካለ፣ ወይም ተቃራኒው ከሆነ፣ ከካምቢዮው በፊት ኬብሉን እንጠርጥር። መሳብ የቻለ ሽቦ መግፋት ሲያቅተው ሽፋኑ መሰንጠቁን፣ ማቀፊያው መላላቱን ወይም ኬብሉ በአንድ ቦታ ከልክ በላይ መታጠፉን ያመለክታል። እጀታው በዜሮ ላይ ሳለ ጀልባው ቀስ እያለ የሚሳብ ከሆነ ካምቢዮው ዜሮ ላይ አልደረሰም፤ ይህ ኬብሉን በማስተካከል የሚታረም ነው፤ ካልታረመ ግን ለመውረድ እግራቸውን ወደ ድንጋዩ የዘረጉትን ሰዎች አደጋ ላይ ይጥላል። እጀታው በተተወበት ቦታ የማይጸና፣ በራሱ ወደ ዜሮ የሚመለስ ከሆነ ብዙውን ጊዜ በሳጥኑ ላይ ያለውን የመጥበቂያ ብሎን ትንሽ ማጥበቅ ይበቃል።

ማርሽ ሲገባ የሚሰማው መንኳኳት ለብቻው መታየት አለበት። የውጭ ሞተሮች ማርሽ ጥርስ ከጥርስ ጋር የሚያያዝበት ነው። ኬብሉ አጥሮ ወይም ረዝሞ ጥርሶቹ በግማሽ ብቻ ሲያያዙ ይንኳኳሉ፣ ይሸራረፋሉ። ነገር ግን ኬብሉ ደኅና ሆኖ የሚያንኳኳው የነጂው እጅ ሊሆንም ይችላል። ብዙ ነጂዎች ለሞተሩ በማዘን እጀታውን ቀስ ብለው ያስገባሉ። እጅ በዘገየ ቁጥር ጥርሶቹ ሳይያያዙ የሚፋጩበት ጊዜ ይረዝማል። ሞተሩ በሚኒሞ ሳለ፣ ሳይጠራጠሩ፣ በአንድ ጊዜ ማስገባት ነው ትክክሉ። ማርሽ ለመለወጥም ሁልጊዜ በዜሮ ላይ ትንሽ ማረፍ ይገባል።

ብልሽቱ የት እንደ ሆነ ለመለየት ሁለት ሰው፣ አንድ ካቻቪቴ፣ አንድ ፒንሳና ግማሽ ሰዓት ይበቃሉ። ሞተሩ ይጥፋ፤ ቁልፉ ተነቅሎ በመርማሪው ኪስ ይግባ። አንዱ ሰው እጀታውን ያንቀሳቅስ፣ ሌላው በሞተሩ በኩል የኬብሎቹን ጫፍ ይመልከት። ሽፋኑ ይንቀሳቀሳል? ማቀፊያው ጠብቋል? የሽቦውን ጫፍ ከካምቢዮው ክንድ ጋር የሚያያይዘው ፒን አለ? የእኛው ጀልባ ምርመራ እዚህ ላይ አበቃ፤ አምስት ደቂቃም አልፈጀም።

በዐይን የሚታይ ነገር ከሌለ፣ የኬብሉን ጫፍ ከካምቢዮው ክንድ ላይ እንፈታዋለን። ከመፍታት በፊት እንዴት እንደ ነበር በስልክ ፎቶ ማንሣት ወይም በቀለም ምልክት ማድረግ ኋላ ከብዙ ክርክር ያድናል። ከተፈታ በኋላ የካምቢዮውን ክንድ በእጅ እናንቀሳቅሰው፤ ሦስቱንም ቦታዎች፣ ፊት፣ ዜሮና ኋላ፣ ቀጭ እያለ መያዝ አለበት። በውጭ ሞተር ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ሞተሩ ቆሞ ሳለ ጥርሶቹ ላይገጣጠሙ ስለሚችሉ፣ አንዱ ሰው ክንዱን ሲያንቀሳቅስ ሌላው ፕሮፔለሩን በእጁ ቀስ ብሎ ማዞር አለበት፤ ይህ ሲደረግ ቁልፉ ብቻ ሳይሆን የማጥፊያው ገመድም ይነቀል። ክንዱ በእጅ በቀላሉ የሚሠራ ከሆነ ካምቢዮውን የመለወጥ ወሬ እዚያው ይቁም። ክንዱ በእጅም የማይገባ ከሆነ ግን የካምቢዮ ባለሙያ መጥራት አግባብ ነው።

ቀጥሎ ኬብሉ ከሞተሩ እንደ ተፈታ እጀታውን እናንቀሳቅስ። አሁንም ከከበደ ጥፋቱ በኬብሉ ወይም በሳጥኑ ነው። ሁለቱን ለመለየት ሳጥኑን ከፍቶ ኬብሉን ከዚያም ማላቀቅ ነው፤ ኬብል የሌለበት እጀታ ቀልሎ ከተገኘ ጥፋቱ የኬብሉ ነው።

የከበደ ኬብልን ዘይት በማፍሰስ ለማዳን የሚሞክሩ ብዙ ናቸው። የዛሬዎቹ ኬብሎች ሲሠሩ ማለስለሻቸው ተደርጎ የታሸጉ ናቸው፤ ከላይ የሚፈስስ ዘይት፣ በተለይም የምግብ ዘይትና ላምባ፣ አቧራ ይዞ ያጣብቀዋል። ግራሶ የሚቀባው በሁለቱ ጫፎች ከሽፋኑ ብቅ ባለው ብረት ላይ ብቻ ነው። የጣና ውኃ ጨው ስለሌለው ኬብል እንደ ባሕር ቶሎ አይዝግም፤ ይህ ግን ዕድሜውን ያረዝማል እንጂ አያጸናውም። በተሰነጠቀ ሽፋን የገባ ውኃ መውጫ የለውም። በዳር የቆመ ጀልባ ላይ ደግሞ ሽፋኑን አይጥ በልቶት አይተናል። የታመመ ኬብል መድኃኒቱ መለወጥ ነው፤ ሁለቱ ኬብሎች እኩያ ከሆኑም ሁለቱን በአንድነት መለወጥ ይመረጣል።

አዲስ ኬብል ሲገዛ የአሮጌውን ርዝመት እንደ መንገዱ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ መለካት ወይም በሽፋኑ ላይ የታተመውን ቁጥር መገልበጥ ይገባል። ያጠረ ኬብል ይወጠራል፤ የረዘመው ያለ ስፍራው ይታጠፋል። ሲዘረጋ ከጭስ ማውጫው ይራቅ፣ ጠባብ እጥፋትም አይኑረው፤ አንድ ኬብል የሚታጠፍበት ክብ ከመካከሉ እስከ ዳሩ ከ20 ሴንቲ ሜትር ባያንስ ጥሩ ነው። ሲገጠም ካምቢዮው በእጅ ዜሮ ላይ ይደረግ፣ እጀታውም ዜሮ ላይ ይቁም፤ በዚህ ጊዜ የኬብሉ ጫፍ ሳይገፋና ሳይሳብ በፒኑ ላይ መዋል አለበት። ካልዋለ ጫፉን በጥርሱ ላይ እያዞሩ ማስረዘም ወይም ማሳጠር ነው። ለማስረዘም ሲባል ግን ጫፉ ሊወልቅ እስኪደርስ መፍታት አይገባም፤ ለምሳሌ የያማሃ የውጭ ሞተሮች መመሪያ ጫፉ ቢያንስ 8 ሚሊ ሜትር በጥርሱ ውስጥ እንዲገባ ያዛል። ከዚያ ፊትና ኋላ ማርሹ ሙሉ በሙሉ መግባቱን፣ ነዳጁም መጨመር የሚጀምረው ማርሹ ከገባ በኋላ መሆኑን ማረጋገጥ ነው።

የማርሽ ኬብል በሐይቅ መካከል ቢበጠስና ሞተሩ በጀልባው ሆድ ውስጥ ያለ ከሆነ፣ ረዳቱ የካምቢዮውን ክንድ በእጁ እያንቀሳቀሰ ወደ ዳር መድረስ ይቻላል። ነጂው በቃል ያዝዛል፣ ነዳጁን በሚኒሞ ያቆያል፤ ወደ መውረጃው ሲቃረቡ ከሩቅ ሞተሩን አጥፍቶ በመቅዘፊያ መግባት ነው። በዚህ ሥራ ላይ ሞተሩ አጠገብ የሚቀመጠው ሰው ነጠላና ሰፊ ቀሚስ የለበሰ አይሁን፤ የሚሽከረከር ቺንጋ ጨርቅ ከያዘ አይለቅም።

ሰበካ ጉባኤዎች ከዚህ ሁሉ አንድ ጥያቄ ብቻ ቢይዙ እንኳ ብዙ ገንዘብ ያድናሉ። ካምቢዮ ይለወጥ የሚል ባለሙያ ሲቀርብ፣ «ኬብሉን ፈትተው ካምቢዮውን በእጅ ሞክረውታል?» ብሎ መጠየቅ ነው። ጥሩ ባለሙያ በጥያቄው አይከፋም። በተረፈ በጀልባው መዝገብ ላይ ኬብሎቹ የተገጠሙበት ቀንና ርዝመታቸው ይጻፍ፤ አንድ የማርሽ ኬብል በትርፍነት ይቀመጥ፤ ሲጠቀለልም ሰፋ ባለ ክብ ይሁን፣ በሚስማር ላይ አይሰቀል፤ በሚስማሩ ላይ ይታጠፋልና።

የዚያ ገዳም ጀልባ ማቀፊያው ከተጠገነ በኋላ በመጀመሪያ ከዳር ታስሮ፣ በሚኒሞ ፊትና ኋላ ተሞከረ። ቀጥሎ ነጂውና ረዳቱ ብቻቸውን ወጥተው ዞሩ። ለካምቢዮ ከተሰበሰበው ገንዘብ ሁለት አዳዲስ ኬብሎች፣ 50 ሜትር ገመድ ያለው መልሕቅና የሕይወት አድን ጃኬቶች ተገዙ። እጃቸው የተሰበረው አባት ድነዋል፤ ወደ ከተማ ሲሻገሩ ግን ጀልባው ከመነሣቱ በፊት ወደ ነጂው ዘወር ብለው፣ «ልጄ፣ ኋላውን ሞክረኸዋል?» ሳይሉ አይሳፈሩም።